ከሰርጉ ማግስት ያለችው ሌሊት



ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ልጅ ለመዳር ደፋ ቀና ለምትሉ ወላጆችና ራሳችሁ ለምትጋቡት ነው። በተለይም «ሰርጉን ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል እናድርገው» የሚል ሐሳብ ቤታችሁ ገብቶ፣ ግማሹ ቤተሰብ ሲደሰት ግማሹ ላኮረፈባችሁ። ባለፈው ጥር የመጀመሪያ ልጄን ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ድሬአለሁ። ካኮረፉት መካከል ዋናዋ እኔ ነበርኩ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ያየሁትን ልንገራችሁ።

ለእኔ ሰርግ ማለት ድንኳን ነው። ከእድር የመጣ ድንኳን፣ ከእድር የመጣ ብረት ድስት፣ ከእድር የመጣ አግዳሚ ወንበር፣ ከየቤቱ የወጣ ሰው። ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሆቴል ውስጥ መዳር ጎረቤትን መሸሽ መስሎ ታየኝ። ሰው ምን ይለናል ብዬ ብቻ አይደለም፤ ልጄ ያሳደጋት ሰፈር ሳይቆምላት የምትወጣ መስሎኝ ሆዴ ባባ። ልጄ ግን አልተከራከረችኝም። የእኔን የሰርግ አልበም ከቁም ሳጥን አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

እኔ የተዳርኩት በ1982 ዓ.ም. ነው፤ ጉለሌ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ። እናቴ ጌሾ ማስወቀጥ የጀመረችው ከወር በፊት ነበር። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ደርቆ እስኪፈጭ ሌላ ሁለት ሳምንት ሄደ። በሰርጉ ሳምንት ሽንኩርት የሚከተፈው በኩንታል ነው፤ ጎረቤት ሁሉ መክተፊያውንና ቢላዋውን ይዞ መጣ። ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ እናቴ ጎኗን እንዳላሳረፈች አውቃለሁ፤ ምክንያቱም እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ከጓዳ ድምጿን ስሰማ ነው ያነጋሁት። አልበሙ ውስጥ ከመቶ በላይ ፎቶ አለ። እናቴ ያለችው በሁለቱ ነው። በአንደኛው ጉልበቷን ስስም። በሁለተኛው ጀርባዋን ሰጥታ፣ ነጠላዋን አገልድማ፣ ድስት ላይ ጎንበስ ብላለች፤ እሷን ለማንሳት ታስቦ አይደለም፣ ሚዜው ሲነሳ ከኋላ ገብታ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን አልበም አብረን ስናገላብጥ እናቴ አንድ ፎቶ ላይ ጣቷን አሳርፋ፣ «ይሄ ካባ የማን ነው? አንቺ ለብሰሽዋል እንዴ?» አለችኝ። የመልሴ ዕለት የለበስኩት ካባ ነበር። መልሱ የተደገሰው እዚያው እሷ ግቢ ውስጥ ነው። ከድንኳኑ እስከ ጓዳው አሥር እርምጃ አይሞላም፤ እናቴ ግን ልጇ ምን እንደለበሰች አላየችም።

ልጄ አልበሙን ዘጋችና «እማዬ፣ እኔ ሰርግ ላይ አያቴ ተቀምጣ ማየት እፈልጋለሁ። አንቺም» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ማኩረፌን ተውኩ።

ስለ ቢሾፍቱ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም፤ የማያውቃት የለም። ከአዲስ አበባ ሃምሳ ኪሎ ሜትር እንኳን አትሞላም፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ጉለሌ የሚኖር ሰው ቦሌ ለመድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ ያህል ነው። ሐይቅ ዳር ማረፍም ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። የእኔ ትውልድ ላንጋኖን ያወቀው በበቀለ ሞላ ሆቴል ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ሐዋሳ ላይ ሪዞርቱን፣ በቦስተን የውበት ሳሎን ሲሠሩ የቆዩት አቶ ታዲዮስ ጌታቸው በለጠ ደግሞ ቢሾፍቱ ላይ ኩሪፍቱን ከፍተው ቀጥሎም ወደ ባሕር ዳር ሲሻገሩ፣ ሐይቁ ከሽርሽር ቦታነት ወደ ሰርግ ቦታነት ዞረ። ዛሬ ጥምቀት ካለፈበት ጊዜ አንሥቶ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ቅዳሜና እሑዶች፣ እንዲሁም ከፋሲካ በኋላ፣ በእነዚህ ሐይቆች ዳር ቬሎ የማይታይበት ቀን ማግኘት ይከብዳል። ኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ በጾም ስለማይጋባ ሰርጉ ሁሉ እነዚያ ጥቂት ሳምንታት ላይ ይጫናል። ስለዚህ ጥር የምታስቡ ከሆነ ክረምት ሳይወጣ ቀን ያዙ።

ባቦጋያን ከላይ፣ ከገደሉ አፋፍ ሲያዩት ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል። እውነትም ጉድጓድ ነው፤ እሳተ ገሞራ የቆፈረው። ጥልቀቱ ከ60 ሜትር በላይ ስለሆነ ባለ ሃያ ፎቅ ሕንጻ ቢቆምበት ጫፉ ላይታይ ይችላል። ሆቴሎቹ አፋፉ ላይና ቁልቁለቱ ላይ ተሠርተዋል፤ ይህ ማለት ደግሞ ደረጃ ማለት ነው። ለፎቶ የሚያምረው ቦታ ሁሉ ታች ውሃው አጠገብ ነው፣ ሰማንያ ዓመት ያለፈው ጉልበት ደግሞ እዚያ አይወርድም። እኛ ይህን ያወቅነው በሰርጉ ዕለት ነው። እናንተ ቦታውን ለማየት ስትሄዱ ከዲኮሩም ከአዳራሹም በፊት አንድ ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ፤ እሳቸው እስከደረሱበት ድረስ ብቻ ነው ሰርጋችሁ የሚደርሰው።

አሁን ወደሚቆጨኝ ነገር ልምጣ።

ሆቴል የሚያስከፍለው በሰው ቁጥር ነው። ስንት ሰው እንደሚበላ ትናገራላችሁ፣ ስም ዝርዝር ትሰጣላችሁ፣ በዚያ ልክ ቡፌ ይዘጋጃል። ድንኳን ግን ቁጥር አያውቅም፤ ሰው ሲበዛ ይጠጋጋል፣ እንጀራው ካነሰ ከጎረቤት መሶብ ይመጣል። እኛ ዝርዝሩን ስንሠራ ከእድራችን ሃያ አምስት ሰው ጻፍን፤ በየቤቱ አንድ አንድ ሰው ማለት ነው። ጎረቤታችን እማማ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። የጻፍነው የልጃቸውን ስም ነው፤ ሰርጉ ሲደርስ ልጁ ሥራ ስላልተመቸው እማማ በእሱ ፋንታ መጡ። በር ላይ የቆመው ጥበቃ ወረቀቱን አየና ስምዎ የለም አላቸው። እሳቸውም አልተከራከሩም። አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ በእጃቸው የያዙትን ሙዳይ ጭናቸው ላይ አድርገው ሲጠብቁ ቆዩ። ያገኘኋቸው አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ነው፣ ያውም ሹፌር ልፈልግ ወጥቼ።

እኚህ ሴት ልጄን አዝለዋታል። እኔ ሥራ ስውል የጡጦ ወተት ያሞቁላት የነበሩት እሳቸው ናቸው። «ምንም አይደል፣ ከዚህም ዘፈኑ ይሰማል» አሉኝ። ይህን ሲሉ የተሰማኝን አሁንም ልጽፈው አልችልም። ጥበቃው የታዘዘውን አደረገ፤ ሆቴሉን ብወቅስም መጀመሪያ የምወቅሰው ራሴን ነው፣ ስማቸውን ያልጻፍኩት እኔ ነኝና። ይህን የምነግራችሁ ግን እንዲህ ዓይነቱ ነገር ድንኳን ውስጥ በፍጹም ስለማይሆን ነው። ሐይቅ ዳር ስትሄዱ ድንኳኑ ሳትጠይቁት የሚያደርግላችሁን ነገር ሁሉ እናንተ አስባችሁ ማድረግ አለባችሁ። የሰፈር እናቶችን ስም በቤት ሳይሆን በነፍስ ወከፍ ጻፉ። በሩ ላይ ከጥበቃው ጎን ሰውን በመልክ የሚያውቅ የቤተሰብ ልጅ አቁሙ። አውቶቡስ ተከራዩና ከእድሩ ቤት በር አንሥቶ እዚያው በር ይመልሳቸው፤ መመለሻውም ሳይመሽ ይሁን። ጠላና ጠጁን ከቤት ማስገባት ከፈለጋችሁ ደግሞ ውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር፤ በቃል የተባለ ነገር በሰርግ ቀን አይታወስም።

እናቴ ግን ተቀመጠች። ከፊት፣ ሙሽሮቹን ፊት ለፊት ከሚያይ ወንበር ላይ፣ ጥለቱ አረንጓዴ በሆነ የሐበሻ ቀሚስ። መጀመሪያ ላይ እጇን የምታደርግበት ጠፋት። አስተናጋጅ ሳህን ይዞ ባለፈ ቁጥር ልትነሳ ትፈልጋለች። ሁለት ጊዜ ያዝኳት። ሦስተኛው ላይ ራሷ ቀረች፤ ከዚያ ሙሽራዋ ስትገባ አየቻት፣ ካባ ስትለብስ አየቻት፣ ኬክ ሲቆረስ አየች። የቬሎውን ጀርባ ቁልፎች ቆጥራ ሃያ ሁለት ናቸው አለችኝ።

ሰርጉ ሲያልቅ ሙሽሮቹ እዚያ አላደሩም። ያደርነው እኛ ነን፤ እናቴ፣ እህቴ፣ የሙሽራው እናትና እኔ። ልጄ ያሰበችው ይህንን ነበር። የሰርጉ ጥቅል ውስጥ ለሙሽሮቹ የነበረውን የስፓ አገልግሎት ለእኛ አዞረችው። ማግስቱን ሙሉ ቀን፣ አንድ ሌሊትም ተጨማሪ። እኔ አፈርኩ። ገላዬን ለማያውቀኝ ሰው ሰጥቼ አላውቅም። የሙሽራው እናትም አፍራ ኖሮ ሁለታችን በሩ ላይ «አንቺ ቅደሚ፣ አንቺ ቅደሚ» እየተባባልን ቆምን። እናቴ ጥላን ገባች።

እናቴ የወሎ ሰው ናት። የእንፋሎት ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ፣ ፎጣው ትከሻዋ ላይ ሆኖ፣ ዙሪያውን ስታይ ቆየችና «ይሄማ ወይባ ነው። ጢሱ ብቻ ነው የቀረው» አለች። ከዚያ የራሷን ሰርግ አጫወተችን፤ ሰምቼው የማላውቀውን። ከሰርጉ በፊት መሬት ተቆፍሮ፣ የወይባ እንጨት እየጨሰ፣ እሷ ቅቤ ተቀብታ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ጉድጓዱ አፍ ላይ ትቀመጥ እንደነበር። ላቡ ሲወርድ አክስቶቿ ዙሪያዋን ተቀምጠው ያጫውቷት እንደነበር። ቆዳዋ እንዴት ወርቅማ እንደሆነ፣ ሽታው ስንት ቀን ከልብሷ እንዳልለቀቀ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። «ከዚያ ወዲህ ሰው እንዲህ ተቀመጪ ብሎኝ አያውቅም» አለች።

ስፓ የሚለው ቃል ቤልጅየም ውስጥ ካለች፣ በማዕድን ውሃዋ ከታወቀች ከተማ የመጣ ነው። ነገሩ ግን የእኛም ነው። ወሎ ወይባ አለው፣ ጎጃምና ጎንደር እንሶስላ ይሞቃል፣ የታመመ ወገብ ወጌሻ ያሻል፣ ወንዶ ገነት ውሃው ፈልቶ ይወጣል። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃው ወርደው ቦታውን ስለወደዱት ነው። ዋና ከተማችን ለመታጠብና ለማረፍ በተወረደበት ስፍራ ላይ ነው ያለችው። ስለዚህ አንዲት ሽማግሌ ሴት ሐይቅ ዳር ጀርባዋን ስትታሽ «ይሄ የፈረንጅ ቅምጥልነት ነው» የሚል ሰው ካለ እናቱን ይጠይቅ። ያጠፋነው ነገር ቢኖር እረፍቱን ለሙሽራዋ ብቻ ሰጥተን፣ ሙሽራዋ እናት ስትሆን የምንነሳት መሆኑ ነው።

እናቴን ያሸቻት ልጅ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። የአውራ ጣቷ ሥር ጠንክሯል፤ ሥራው ነው። እናቴ በደረቷ ተኝታ ስትታሽ ቆይታ፣ ልጅቷ ዘይቱን ልትጠርግላት ስትል እጇን ያዘችና «የኔ ልጅ፣ አንቺንስ ማን ያሽሻል?» አለቻት። ልጅቷ ሣቀች፣ ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። በቀን ስምንት ዘጠኝ ሰው እንደምታሽ፣ በሰርግ ወራት ደግሞ ዕረፍት እንደሌላት ነገረችን። እናቴ ትራስ ላይ አስቀምጣት የዚያችን ልጅ እጅ ቅቤ እንደሚቀባ ሕፃን በሁለት እጇ ስታሽላት ቆየች። ሆቴል ስትመርጡ ሠራተኛው መቼ እንደሚያርፍ ጠይቁ። ለቡፌው ዓይነት ከምትከራከሩት ጊዜ ላይ ጥቂት ደቂቃ ለዚህ አውሉ፤ ጉርሻውንም ለአለቃ ሳይሆን ለእጁ ባለቤት ስጡ።

ሐይቁን በቅርብ ያየሁት በሰርጉ ማግስት ጠዋት፣ ገና ወደ ስፓው ሳንገባ ነው። ሌሎቹ ተኝተው ብቻዬን ወረድኩ። ውሃው ላይ ጉም ነበር፣ የጥር ብርድ ቢሾፍቱ ላይም ጋቢ ያስፈልገዋል። አንድ ጎልማሳ በታንኳ ሆኖ ከውሃው ላይ የሆነ ነገር ሲለቅም አየሁት፣ ዓሣ የሚያጠምድ መስሎኝ ነበር። ሲቀርብ ፊኛ ነው። የእኛ ፊኛ፣ ነጭና ወርቃማ፣ ትናንት ሙሽሮቹ ሲገቡ የተለቀቀው። የፕላስቲክ የአበባ ቅጠልም ነበረበት፤ የሴት ልጄ ስም የመጀመሪያ ፊደል የታተመበት ወረቀትም። ጠዋት ጠዋት ይህን እንደሚለቅም ነገረኝ። በሰርግ ሰሞን ታንኳው ሁለት ጊዜ ይሞላል።

ባቦጋያ ውሃው የሚወጣበት ወንዝ የለውም። የገባበት ቆሻሻ ታጥቦ የሚሄድበት መንገድ የለም ማለት ነው። እንዲያውም ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ የላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ከታችኛው ጋር ይደባለቃል፤ ታች ያለው ውሃ ኦክስጅን ስለሌለው ድብልቁ ድንገተኛ ሲሆን ዓሣ ያልቃል። በቢሾፍቱ ሐይቆች ላይ ይህ ከአንድም ሁለት ጊዜ ደርሷል። ሐይቁ በጣም የሚደክምበት ወቅትና እኛ በጣም የምንሰርግበት ወቅት አንድ ሆነዋል። እዚያው ቢሾፍቱ ባለው በሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር ደግሞ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ሕዝቡ እርጥብ ሣር ይዞ ለእሬቻ ይወርዳል፤ ለፈጣሪው ምስጋና የሚያደርስበት ውሃ ነው። እነዚህ ሐይቆች ለእኛ ፎቶ ጀርባ ከመሆናቸው በፊት ለሌላ ሰው ብዙ ነገር ነበሩ፣ አሁንም ናቸው። ሐረማያ ደርቆ ሜዳ ሲሆን ያየን ሰዎች ነን፤ ሐይቅ አይሞትም ብሎ የሚከራከር ካለ ያን ጊዜ ያየውን የሐረማያ ሰው ይጠይቅ።

ሆቴሉ ቀብድ ሲቀበላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁት። የልብስ ማጠቢያው፣ የስፓው፣ የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው? የማጣሪያ ጉድጓዱንስ ልታሳዩኝ ትችላላችሁ? ጥሩ ሆቴል ይህን ጥያቄ በደስታ ይመልሳል፣ ወስዶም ያሳያችኋል። ፊኛውን ተዉት። አበባው እውነተኛ አበባ ይሁን፤ ቢሾፍቱ በዙሪያዋ የአበባ እርሻ ያላት ከተማ ናት፣ የፕላስቲክ ቅጠል ከአዲስ አበባ ጭኖ መሄድ ምን ይባላል? ሙዚቃውንም እስከ ሌሊት ሰባት ሰዓት ድረስ አታስጩኹት፤ ሐይቁ ጎድጓዳ ስለሆነ ድምፁ ማዶ ያለው ሰው ቤት ይገባል።

ታናሿ ልጄ ከፋሲካ በኋላ፣ ግንቦት ላይ ታገባለች። አሁንም ሐይቅ ዳር ነው፤ በዚህ ጊዜ ማንም አላኮረፈም። እህቴ ጠላውን ቤት ልትጠምቅ ብላ ነበር፣ እናቴ ከለከለቻት። የተጠሪዎቹን ዝርዝር ትናንት ማታ ጀመርነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ የእማማ ስም አለ፤ ከጎኑ ልጄ በቀይ እስክሪብቶ «ያድራሉ፣ ደረጃ የሌለው ክፍል» ብላ ጽፋበታለች።

አክባሪያችሁ፣
የሁለት ሴት ልጆች እናት፣ ከጉለሌ